የነጌሌው ፒያኖ ይተነፍሳል

ነጌሌ ቦረና
መጋቢት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዕፀገነት
ናይሮቢ

ልጄ ዕፀ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የምታማርሪው የናይሮቢ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ዘንድሮ ብሶበታል፤ ዝናቡም መጣሁ መጣሁ እያለ ያሾፍብናል። እድላዊት ስታስተምር ውላ ቤት የምትገባው ድምጿ ተዘግቶ ነው፤ በምልክት ሰላም በይልኝ ብላለች። በሰው አገር የሚጠብቅሽ መልአክ አይለይሽ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ደብዳቤሽ «የምሠራው ሚስተር ሎቦ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ነው፤ የድሮ ፒያኖ ይጠግናሉ» ያልሽውን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ይሄን ነገር እስከዛሬ እንዴት ሳትነግሪኝ ቀረሽ? የክበባችንን ፒያኖ ረሳሽው እንዴ? የመኮንኖች ክበብ አዳራሽ ጥግ የቆመው፣ ጣት ሳይነካው የሚጫወተው፣ እናንተ ሕፃናቱ «ሰይጣን አለበት» እያላችሁ በበሩ ስንጥቅ የምታጮልቁበት! ሥሩ ያሉትን ሁለት ፔዳሎች በእግር ሲረግጧቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወረቀት ይዞራል፣ ጥርሶቹም በራሳቸው ይሰምጣሉ። በ83 ጦሩ ሲበተን ሰው ወንበሩን፣ ብርድ ልብሱን፣ የመስኮት መዝጊያውን ሳይቀር ተሸክሞ ሄደ። ይሄን ግን ማን ይሸከመዋል? ፀሐይ ላይ ተጥሎ ፍየል ስትወጣበት ባይ አንጀቴ አልችል አለ። የክበቡ ኃላፊ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? በአህያ ጋሪ አስጭኜ ቤቴ አስገባሁት፤ ይኸው እስከዛሬ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

የእድል እናት ስንቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ክበቡ ወጥ ቤት ስትሠራ በእረፍቷ ሰዓት ፔዳሉን የምትረግጠው እሷ ነበረች። እኔም «ማነው የሚረግጠው!» ብዬ ልቆጣ ገብቼ ነው ያየኋት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ። ዓምና ልታርፍ ስትል እጄን ይዛ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እድልን ስትድራት ያ ፒያኖ ይጫወት። እኔ ባልኖር እሱ ይኑር።» እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ሽማግሌ መጥቷል። ልጁ ፀጋአብ ይባላል፤ የሀገረ ማርያም ልጅ ነው፣ እዚያው ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ለጥር ብያቸዋለሁ። ከሰርጉ በኋላ እድልም ወደዚያው ትዛወራለች። እንግዲህ ፒያኖው እስከ ጥር መጫወት አለበት፤ አሁን ግን ብረግጠው ብረግጠው «ሽሽ» ብሎ ያቃስታል እንጂ አንድ ጥርስ አያንቀሳቅስም። ሚስተር ሎቦን ጠይቂልኝ። የምፈልገው ምክር ብቻ ነው። ደብዳቤውን በከብት ነጋዴው በሳቢር እጅ ልኬዋለሁ፤ ሞያሌ ሲወርድ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው አያጣም።

አጎትሽ
ሃምሳ አለቃ እንዳሻው


ናይሮቢ
ሚያዝያ 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለሃምሳ አለቃ እንዳሻው
ነጌሌ ቦረና

ጋሼ፣ ጤናና ሰላም ከነቤትዎ ይብዛልዎ። ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይስ እንደ ልማድዎ ዝም ብለው ችለውት ነው? እድልን ሁለቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ሙሽራ ልትሆን! እኔ የማስታውሳት የፊት ጥርሷ ወልቆ በክፍተቱ ስታፏጭ ነው።

ደብዳቤዎ ዳር ዳሩ በናፍጣ ርሶ ደረሰኝ። እትዬ ስንቄ ያሉትን ሳነብ ሥራ ቦታዬ ላይ እንባዬ መጣ። ሚስተር ሎቦ «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላቸው። እኚህ ሰው የጎዋ ሕንድ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ሲበዛ ቁጡ ናቸው። መጀመሪያ ያሉት «አጎትሽ ነፍቶበት እንደሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ፤ ከነፋበት አልመክርም» ነው። «ኧረ ጋሼ አይነፋም!» ብዬ ስለርስዎ ምያለሁ፤ እባክዎ እንዳያሳፍሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ወናፍ ሲባል የምናውቀው የአንጥረኛውን ነው፣ ወደ ውጭ የሚነፋውን። የፒያኖው ወናፍ ግን ወደ ራሱ የሚስብ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ትልቁ ወናፍ በፒያኖው ሆድ ያለውን አየር ሁሉ ይመጥጠዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ወረቀቱ የሚንሸራተትበት ነሐስ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ሲገጥም ትንሽ አየር ሾልኮ ይገባል፤ በጎማው ቱቦ ወርዶ አንዲት የቆዳ ከረጢት ያነሳል፤ ከረጢቷ ቫልቩን ትገፋለች፤ ከዚያ ጣት የምታክለው ትንሿ ወናፍ ጭብጥ ትልና መዶሻው ክሩን ይመታል። ለአንዲት ድምፅ ይሄ ሁሉ! በመካከል አንዲት ቦታ አየር ካመለጠ ድምፅ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጽዳት። የነሐሱን ቀዳዳዎች በምንም ዓይነት አይንፉባቸው፤ ከነፉ አቧራው ወርዶ ቫልቩ ሥር ይቀመጣል። መሳብ ነው። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ካለዎት ይፍቱት፣ ውስጡ ያለችውን የቆዳ ቆብ ገልብጠው ይግጠሟት፤ ያኔ መንፋቱን ትቶ ይስባል። እያንዳንዷን ቀዳዳ በእሱ ይሳቧት። ቀጥሎ ቱቦዎቹን አጠፍ አድርገው ይዩ፤ የሚሰነጠቀውን ያስወግዱ። ከረጢቶቹ ከደረቁ በቀጭን የግልገል ቆዳ ይተኳቸው። ሁሉንም ከመፍታትዎ በፊት በቁጥር ምልክት ያድርጉ ብለዋል፤ «ወታደር ነው አላልሽም? በሰልፍ ያስቀምጣቸው» አሉ።

ከደብዳቤው ጋር እድል የምትደርበው ሻርፕ አለ። አምላክ ያክብርዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

ልጅዎ ዕፀገነት


ነጌሌ ቦረና
ሰኔ 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት

ዕፀ የኔ ልጅ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ሻርፑ ደርሷል፤ እድል በዚህ ሙቀት አንገቷ ላይ ጠምጥማው ትዞራለች፣ ማን ይናገራታል። ዝናቡም በስተመጨረሻ ጥሎ ከብቱ ጠግቧል፤ ቦረናው ሁሉ ፊቱ በርቷል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ነፍቼበታለሁ። ደብዳቤሽ ሳይደርስ ነው፣ ያውም አንዴ ብቻ። ለሰውየው እንዳትነግሪያቸው።

መንፊያውን እንዳልሽው ገልብጬ ነሐሱን ቀዳዳ በቀዳዳ ሳብኩት። የወጣውን ብታይ! አሸዋ፣ የምስጥ ክንፍ፣ የሲጋራ አመድ። አመዱ የማን እንደሆነ ሳይቀር አውቄዋለሁ፤ አንድ ሻለቃ ነበር፣ ሲጋራውን ፒያኖው ላይ አስደግፎ የሚጨፍር። ስንት ጊዜ በትሕትና ነገርኩት መሰለሽ። ይኸው ሳጸዳለት ዋልኩ።

ቆዳው ላይ ግን ጉድ ሆንን። ገበያው ዳር ቆዳ የሚያለፋ ዳዳቻ የሚባል ወዳጅ አለኝ። «አካም ጋሼ፣ ናጋ?» ብሎ ገባ፣ የፒያኖውን ሆድ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ «ይሄ ሁሉ አንጀት ለዘፈን ነው?» አለኝ። የግልገል ቆዳ አምጥቶ እንደ ወረቀት አሳስቶ ቆረጠልኝ፤ እጁ ይባረክ። ከዚያ እኔ ሳላየው ሁሉንም ቅቤ ቀባቸው! ለምን ብለው «ቆዳ ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ ይሄን የማያውቅ አለ እንዴ?» አለኝ። እኔስ ምን አውቃለሁ፣ እውነት መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ጉንዳን ከአጥሩ እስከ ፒያኖው ሰልፍ ያዘ። ጦሩ ከተበተነ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰልፍ አላየሁም።

አላለቀም። የዳዳቻ ሚስት «ባሌ ያበላሸውን እኔ አጸዳለሁ» ብላ መጣች። እሷ አፉ ጠባብ የሆነ ዕቃ ውስጡ ሲጸዳ የምታውቀው አንድ መንገድ ነው፤ የወተት ዕቃዋን በፍም እንደምታጥነው ማጠን። እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ በመስኮቱ ጢስ ይወጣል! «እሳት! ኧረ የሰው ያለህ!» እያልኩ ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ። ብገባ ሴትዮዋ በገል ያለ ፍም ፔዳሉ ሥር ይዛ ተቀምጣለች፣ እድል ደግሞ እያሳለች በጠመኔ ወናፉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። «አባዬ ይምጡ፣ ጢሱ የሚወጣበት ሁሉ ቀዳዳ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። አስሬ አገላብጬ ያላየሁትን ቀዳዳ ጢሱ አሳየን። ልቆጣ የገባሁት ሰውዬ ጠመኔ ይዤ ምልክት ማድረግ ያዝኩ።

ጉንዳኑም ሸሽቷል። ቅቤው ግን ቫልቮቹን አጣብቋቸዋል። ምን ይሻላል በያቸው። ቤቱ እስከ አሁን እርጎ እርጎ ይሸታል።

አጎትሽ እንዳሻው


ናይሮቢ
ሐምሌ 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ እንዳሻው

ጋሼ፣ ቤትዎ ከእሳትም ከጉንዳንም ይጠበቅልዎ። ደብዳቤዎን ለሚስተር ሎቦ ስተረጉምላቸው ስለ ቅቤው ፊታቸው ጠቆረ፤ «ቅቤ! ቅቤ!» እያሉ ሱቁን ዞሩት። ጢሱ ጋ ስደርስ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር ብለው «ሁለተኛ እሳት እንዳያስጠጋ፤ ምልክቱን ካየ በቃ» ብለዋል። ስለ መንፋቱ አልነገርኳቸውም፤ የዘለልኩበት ቦታ ላይ ግን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

ቅቤ የጠጣው ቆዳ ሁሉ ይጣል። አቶ ዳዳቻ አዲስ ይቁረጡልዎት፤ በዚህ ጊዜ የሚቀባው የእንቁላል ነጭ ነው። ስስ አድርገው በጣትዎ ይቀቡት፣ በጥላ ይድረቅ። አየር አያሳልፍም፣ እንደ ቅቤ አያጣብቅም። የተጣበቁትን ቫልቮች በንጹሕ ጨርቅና በትንሽ ነጭ ጋዝ ይጥረጓቸው። ቀዳዳ የወጣበትን የወናፍ ጨርቅ ሲለጥፉ የሱቅ ሙጫ እንዳይገዙ፤ የቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅለው በሚያገኙት ሙጫ በትኩሱ ይለጥፉት። ሲያስረዱኝ «የምንጠግነው ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲፈታው ነው፤ በሱቅ ሙጫ የለጠፈ ሰው ሌላ ሰው አይመጣም ብሎ ያሰበ ነው» አሉኝ።

የጎማ ቱቦ ልከውልዎታል፤ ከመደርደሪያቸው ላይ ቆጥረው ሳይሆን ዓይናቸውን ጨፍነው ያነሱት ነው የሚመስለው፣ በጣም ብዙ ነው። እርስዎም ከአቶ ዳዳቻ ቆዳ ትንሽ ይላኩላቸው፤ እዚህ የሚያገኙት ወፍራም ነው፣ ያጉረመርማሉ።

እኔ እንዴት ነኝ? ደህና ነኝ። ድሮ ሱቁን ስጠርግና ሻይ ሳፈላ ነበር የምውለው። አሁን የርስዎን ጥያቄ ለማስረዳት ስል እያንዳንዱን ነገር እጄ ላይ ይዤ መጠየቅ ስላለብኝ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ቫልቭ ብቻዬን ፈትቼ ገጠምኩ። አልተቆጡኝም።

ልጅዎ ዕፀገነት


ነጌሌ ቦረና
ጳጉሜን 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዕፀ፣ ሳቢር መኪናውን አስነስቶ ክላክስ እያደረገብኝ ስለሆነ አጭር ናት። ሁሉንም እንዳላችሁት አደረግን። ዛሬ ጠዋት እድል ገበያ እንደወጣች ተቀምጬ ረገጥኩት። ይተነፍሳል። ትልቁ ወናፍ ይተነፍሳል። ስንቄ ትዝ አለችኝና እዚያው እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእድልም አልነገርኳት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። ቆዳውን ለሚስተር ሎቦ ስጪልኝ። እንኳን አደረሳችሁ።

እንዳሻው


ናይሮቢ
መስከረም 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ እንዳሻው

ጋሼ፣ አዲሱ ዓመት የተቃና ይሁንልዎ። ጳጉሜን የጻፉልኝ ደረሰኝ። ያን ሁሉ ከተለፋ በኋላ እንደ አሮጌ ጎማ መተንፈስ! ማልቀስዎ አይገርመኝም፤ እኔም ማልቀሴ አልቀረም። ግን ተስፋ እንዳይቆርጡ፤ ለጥር ገና ጊዜ አለ።

ሚስተር ሎቦን «ወናፉ አየር ያስወጣል አሉ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ይሄን ላኪለት አሉኝ። የነሐሱን ቀዳዳዎች ከዳር እስከ ዳር በሰፊ ፕላስተር ይሸፍኗቸው። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡና እግርዎን አንስተው ይመልከቱ። የተጨበጠው ወናፍ ቀስ ብሎ፣ እያንገራገረ ከተከፈተ ጤነኛ ነው። ወዲያው ፍስስ ካለ ያስወጣል። ያኔ ስፌቶቹን፣ የእንጨቱን ስንጥቅ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። የላላ ብሎን ብቻውን ይህን ያደርጋል ብለዋል።

ቆዳውን ሰጥቻቸዋለሁ። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዩት፣ በጉንጫቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ለማንም አያሳዩም።

ስለ እድል ይጻፉልኝ። ቀሚስ አሰፋች? ሚዜዎቿ እነማን ናቸው? መምጣት ብችል እንዴት ደስ ይለኝ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቴ እስካሁን አላለቀም።

ልጅዎ ዕፀገነት


ነጌሌ ቦረና
ታኅሣሥ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ሁለት ወር ሞያሌ ተቀምጦ ነው የደረሰኝ። ዝናቡ ዘንድሮ አበደ፤ መንገዱን ቆርጦ የሳቢርን መኪና ከነበሬዎቹ ጭቃ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ያኔ ዝናብ ጠፋ ብዬ ያማረርኩት ራሴው ነኝ፤ አሁን አፌን ይዣለሁ።

አዎ፣ ይተነፍሳል ብዬሻለሁ። አሁንም ይተነፍሳል። እንግዲህ ስፌቱን ሁሉ መመርመር ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ለጥር አይደርስም፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብዬ ላክሁባቸው። የፀጋአብ ሽማግሌዎች አልጣማቸውም። አንደኛው «እንጨት እስኪዘፍን ልጃችንን ሊያስጠብቁ ነው?» አለ አሉ። ይበል። የሙት ቃል ነው፣ በእኔ አልተጀመረም። ልጁ ራሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ መጣ፣ ጉልበቴን ስሞ፣ የተሰነጠቀውን የበር መቃን አድሶልኝ ሄደ።

ስለ እድል ጻፍ ብለሽኛል። ቀሚሷ ተሰፍቶ ሳጥን ውስጥ ነው። ትናንት ማታ ስትበላ አየኋት፤ እንደ እናቷ እንጀራውን ከዳር አትጀምርም፣ ከመሃል ነው የምትቆርሰው። ሀገረ ማርያም ብርድ ነው ይላሉ፣ ጋቢ አዝዤላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት «አባዬ መድኃኒትዎን!» ብላ ትጮሃለች። ወስጃለሁ እላታለሁ። አልወሰድኩም፣ ግን ስትጮህ ደስ ይለኛል። የማይረባ ነገር እየጻፍኩልሽ ነው፣ ይቅር በይኝ።

አዎ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ወረቀቱ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወደ ግራ እየሸሸ ጠርዙ ይቀደዳል፤ በተለይ ያ ተቃቅፈው የሚዞሩበት የቫልስ ዳንስ። ምን ይደረጋል?

አጎትሽ እንዳሻው


ናይሮቢ
የካቲት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአጎቴ ለጋሼ እንዳሻው

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ይህንን ደብዳቤ ሦስቴ ጽፌ ቀድጃለሁ። ካጠፋሁ እንደ ልጅ ይዩኝ።

የወረቀቱን ነገር ሚስተር ሎቦን ስጠይቃቸው የያዙትን አስቀመጡና «ወረቀቱ መጨረሻው ይደርሳል?» አሉኝ። ይደርሳል ነው የሚሉት አልኳቸው። «እንግዲያው ወረቀቱን የሚጎትተው ማነው? እጁ ነው?» አሉ። ወረቀቱን የሚያዞረው ያው ወናፉ የሚስበው አየር ነው፤ ወናፉ ካስወጣ ወረቀቱ ንቅንቅ አይልም። ይሄን አሁን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰውየው መልሱን ሳይነግሩኝ ገብቶኛል።

ከዚያ «ይተነፍሳል» ያሉኝን አሰብኩት። እኔ ጎማ ተነፈሰ እንደሚባለው አድርጌ ሰማሁት። እርስዎ ግን ሰው ይተነፍሳል እንደሚባለው ነው የጻፉት፣ አይደል? በደስታ ነው ያለቀሱት። ፒያኖው ከጳጉሜን ጀምሮ ይጫወታል። እኔ በሞኝነቴ ተበላሽቷል ብዬ ስጽፍልዎ እርስዎ አላረሙኝም።

አልተቆጣሁም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ለምን እንዳላረሙኝም አውቃለሁ፤ ስለ እድል የጻፉትን ሳነብ ነው ያወቅኩት። አባቴ ኬንያ በገባን በዓመቱ አረፈ። እኔን አንድ ቀን ቆዪ የሚለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ማዘግየትዎን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ቀናሁ። ግን ጋሼ፣ እድል ምን ትላለች? አባዬ ፀጋአብን አልወደዱትም ብላ ውስጧ ቢቃጠልስ? ሽማግሌዎቹ ተናቅን ብለው እጃቸውን ቢሰበስቡስ? የእትዬ ስንቄ ቃል እኮ ፒያኖው ይጫወት ነው፣ እድል ትቅር አይደለም።

ለሚስተር ሎቦ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ሥራው ጥሩ ነው በይው፤ በቅቤ ተጀምሮ እዚህ የደረሰ አላየሁም» አሉ። ወረቀቱን በተመለከተ፣ በስተቀኝ ያለችውን ጥቅሉን የያዘች ብሎን ትንሽ ያጥብቋት፤ ወደ መሃል ይመለሳል።

አክባሪዎ፣ ልጅዎ ዕፀገነት


ነጌሌ ቦረና
ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት

የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽ? ወርቅ አፍሽን ይባርከው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን ኮረኮረኝ፤ ተቆጣሁብሽ፣ ቀደድኩት ልል ነበር፣ አልቀደድኩትም። እውነትሽን ነው። ከጳጉሜን ጀምሮ ይጫወታል። አንቺ ተበላሸ ብለሽ ስትጽፊ «አይ ልጄ፣ ተሳስተሻል» ልል ብዕር አንስቼ፣ ካላረምኳት እድል አንድ ፋሲካ ትጨምርልኛለች ብዬ አሰብኩ። ሌላ ተንኮል የለኝም። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዕቃ ቤቱን ዘግቼ አጫውተዋለሁ፤ ልትመለስ ስትል መክደኛውን ዘግቼ ካቻቪቴ ይዤ እቀመጣለሁ። ዳዳቻን ዝም እንዲል አስምዬዋለሁ። ሽማግሌ ሰው ሌባ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?

ያንቺን ደብዳቤ ባገኘሁ በሳምንቱ ሀገረ ማርያም ራሴ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፒያኖው ደርሷል፣ ልጄም ደርሳለች» አልኳቸው። ያ የእንጨቱን ነገር የተናገረው ሽማግሌ ተነስቶ ሳመኝ። ዳግማይ ትንሣኤን አሳልፈን በእሑዱ፣ ሚያዝያ 25፣ ሰርጉ ሆነ።

ፒያኖውን ድንኳኑ ውስጥ አወጣነው፤ ሳቢርና ልጆቹ ተሸከሙት። ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ «ማነው የሚጫወተው?» ይላል። ተቀምጬ ረገጥኩት። ስምንት ጥርስ ያህል አሁንም ዲዳ ነው፣ ሚስተር ሎቦ ቢሰሙ ያፍሩብኛል፤ ግን ዘፈኑ ዘፈን ነበር። የጦሩ ሰዎች፣ ነጋዴዎቹ፣ የዳዳቻ ዘመዶች፣ ሁሉም በየራሱ አጨፋፈር ተነሳ። ያ ቫልስ በቦረና ጭፈራ ሲታጀብ ያየ የለም፣ እኛ አየን። ዳዳቻ መሃል ገብቶ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ «አንጀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል። መሃል ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ወናፉ ሊቆም ትንሽ ሲቀረው እድል ቬሏን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ግራውን ፔዳል ረገጠችልኝ። እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ ዘፈኑን ጨረስነው። ስንቄን በዓይኔ ፈለግኳት፤ እንዲህ ያለ ቀን ላይ መፈለግ አይቀርም።

የሙሽሮቹ መኪና ሊነሳ ሲል እድል ወረደች፣ ተመልሳ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። በጆሮዬ «አባዬ፣ መስከረም ላይ አንድ ቀን ጠመኔ ረስቼ በእረፍት ሰዓት ተመልሼ ነበር» አለችኝ። «ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለፀጋአብም ያን ሰሞን ነገርኩት።»

ደንግጬ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እርስዎ እስኪጨርሱ ነዋ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ወር እሷን ያቆየኋት እኔ መስሎኝ።

አጎትሽ
እንዳሻው